ባለ ክሩ ወይስ ባለ ስለቱ

እናቴ የሣር ማጨጃ ሞተር መጀመሪያ ያየችው ቢቸና ነው። ለዓይኗ ሕክምና ከሞጣ መጥታ እኔ ዘንድ ሰንብታ ነበር። አንድ ቀን ከሐኪም ስንመለስ ከአንድ መሥሪያ ቤት አጥር ውስጥ የሚያጉረመርም ድምፅ ሰማን። አንድ ሰውዬ ረዥም ዘንግ በትከሻው አንግቶ፣ ግራና ቀኝ እያወዛወዘ፣ ጉልበት የደረሰውን ሣር እንደ ጠጉር ይላጨዋል። እናቴ ቆመች። አንድ ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኗል፤ በሌላው ትኩር ብላ ታያለች። «እንሂድ እንጂ፤ ፀሐዩ ላንቺ ጥሩ አይደለም» ብላት አልሰማችኝም። ከቦታዋ የተነቃነቀችው ሰውየው ጨርሶ ሞተሩን ሲያጠፋ ነው።

«ማጭዱ የታል?» አለችኝ።

«ማጭድ የለውም። ክር ነው የሚያጭደው።»

«ክር?»

«የናይለን ክር ነው። በኃይል ሲሽከረከር ይቆርጣል።»

ቤት እስክንደርስ ነገሩን አላነሣችውም፤ እኔም ረሳሁት። ሞጣ ከገባች በኋላ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደወለች። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳንጨርስ፣

«ያን በክር የሚያጭደውን ግዢልኝ» አለች።

እናቴ ይህን ግዢልኝ ብላ የማታውቅ ሴት ናት። ጋቢ ስወስድላት «ያለኝ መች አለቀና» ብላ ሳጥን ውስጥ ትከታለች። ስልኩን እንኳ የተቀበለችው ወንድሜ ካኮረፋት በኋላ ነው። እሷ ሞተር ስትጠይቀኝ በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። ደግሜ ጠየቅኋት፤ ደግማ ያንኑ አለች።

ምክንያቱን ግን አውቀዋለሁ። የእናቴ ቤት ከሞጣ ወጣ ብሎ ነው፤ ጓሮው ሰፊ ነው፤ ከቤቱ ጀርባ ጀምሮ ቁልቁል እስከ ወንዙ ይወርዳል። አባቴ በሕይወት ሳለ ዳር እስከ ዳር በማጭድ ያጸዳው ነበር። ከሞተ ይህ ሁለተኛው ክረምት ነው። ባለፈው ዓመት የቀን ሠራተኞች ቀጥረን ነበር፤ ሣሩን ካጨዱት ጋር የእናቴን ጌሾም አብረው አጨዱት። የአረም መድኃኒት እናስረጭ ብላት፣ «ውሃው ወርዶ የሰው ከብት የሚጠጣው ነው» ብላ አልተቀበለችኝም። እንዲያ እንዲያ እያለ አረሙ እስከ ወጥ ቤቷ ግድግዳ ደረሰ።

እኔ ቢቸና ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። በመምህራን ክፍላችን ስለ ሞተር የሚያውቅ ሰው ካለ የፊዚክስ መምህሩ ነው ብዬ ወደ እሱ ሄድኩ። ከወሎ ተመድቦ የመጣ፣ ረጋ ብሎ የሚናገር፣ ጥያቄን በጥያቄ መመለስ የሚወድ ሰው ነው።

«ቤንዚን ነው ባትሪ?» አለኝ።

«እሱን ነው እኮ አንተን የምጠይቅህ።»

«እንግዲያው ባትሪ ውሰጂ። ጩኸት የለው፣ ጭስ የለው፤ ቁልፉን መጫን ነው። ለእናት የሚሆነው እሱ ነው።»

ደስ አለኝ። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ አዲስ አበባ የጭነት መኪና ለሚነዳው ታናሽ ወንድሜ ደወልኩለት። ሳቀብኝ።

«እታለም፣ ባትሪ እኮ አሻንጉሊት ነው! የሆቴል ሣር ነው የሚከረክመው። የኛን ሙጃ ሲያይ እዚያው ነው የሚሞት። ደሞ መብራት ሲጠፋስ?»

«ታዲያ ቤንዚን?»

«ቤንዚን ነው እንጂ። ግን ዘይትና ቤንዚን ቀላቅለሽ የምትሰጪውን እንዳትገዢ፤ ለየብቻ የሚወስደውን ነው።»

ለየብቻ የሚወስድና ተቀላቅሎ የሚሰጠው መኖሩን የሰማሁት ያኔ ነው። በማግስቱ ለፊዚክስ መምህሩ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ።

«ለየብቻ የሚወስደው ይከብዳል። ወንድምሽ ነው የሚሸከመው? ደሞስ ዘንጉ ቀጥ ያለው ነው ጎበጥ ያለው?»

«ዘንጉም ዓይነት አለው?»

«አለው እንጂ። ጎባጣው ይቀላል፤ ቀጥ ያለው ግን ጉልበት አለው።»

ይህን ሲሰሙ ሌሎቹም ወንበራቸውን እየሳቡ መጡ። የኬሚስትሪ መምህሩ መድኃኒት ነው የሚሻለው አለ። የአማርኛ መምህሯ አንድ ጥሩ ገጀራ ይበቃል አለች። አንዱ ደግሞ ክር የሚባለው ነገር ገንዘብ መብያ ነው፤ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ክብ ስለት ይግጠሙላት አለ። ሌላው ስለት ሰው ይገድላል ብሎ ተቃወመው። እኔ ጠመኔዬን ይዤ መሀላቸው ቆሜያለሁ። ደወሉ ሲደወል ያወቅሁት ነገር በዝቷል፤ እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር ግን አንድም አልነበረም። ስልኬ ላይ ቪዲዮ ብመለከት ሁሉም የሚያጭዱት እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ፣ ድንጋይ የሌለበት ሜዳ ነው። የትኛውም ጓሮ የእናቴን አይመስልም።

መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ሰሞን ሚኒባስ ይዤ፣ በደብረ ወርቅና በግንደወይን አድርጌ ሞጣ ገባሁ። እናቴ ፋሻው ተነሥቶላታል። አረፍ እንኳ ሳልል፣ በበትሯ አረሙን እየገፋች ጓሮውን ልታሳየኝ ወሰደችኝ።

ያደግሁበት ጓሮ ነው፤ አካሄዱ ግን ጠፋኝ። ከቤቱ አጠገብ ያለው ሰርዶ ነው፤ ለስላሳ ነው፤ ክር ይበቃዋል አልኩ በሆዴ። ትንሽ ወረድ እንዳልን ሙጃውና ባለ ቢጫ አበባው መጩ ትከሻዬ ደረሰ፤ ከሥሩ ደግሞ አባቴ እርከን የሠራበት ድንጋይ ተደብቋል። እዚህ ክር ይበጠሳል፤ ስለት ደግሞ ድንጋይ ይመታል። ከዚያ በታች ወደ ወንዙ ሳማና ኮሸሽላ፣ በመሀሉም የአጋም ቁጥቋጦ ነው። እዚያ ስለት ግድ ነው። አንድ ጓሮ ሦስት መሣሪያ ጠየቀኝ።

«የትኛውን ነው ማሳጨድ የፈለግሽ?» አልኳት።

«ሁሉን ነዋ» አለች።

በማግስቱ ሞጣ ከተማ ውስጥ ወዳለ የህንፃ መሣሪያ መደብር አብረን ሄድን። ባለቤቷ ሻሽ ያሰረች፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ከቆርቆሮውና ከምስማሩ በላይ፣ ግድግዳው ላይ ሁለት ማጨጃ ተሰቅሏል። አንዱ ቀጥ ያለ ዘንግ ያለው፣ እጀታው የብስክሌት መሪ የሚመስል ነው። ሌላው ቀይ፣ ጫፉ ጎበጥ ያለ፣ አነስ ያለ ነው።

«ለባለቤትሽ ነው?» አለችኝ።

«ለእናቴ ነው።»

ልትስቅ ብላ የእናቴን ፊት ስታይ ተወችው።

«ባትሪ አለሽ?» አልኳት፤ የፊዚክስ መምህሩ ትዝ ብሎኝ።

«አምጥተን ነበር። ባትሪው ሲደክም መተኪያ አጣንለት፤ ሰዉ እየመለሰ ጣለብን። ከዚያ ወዲህ ተውነው።»

«ዘይትና ቤንዚን ለየብቻ የሚወስደውስ?»

«ያ ባህር ዳር እንጂ እዚህ አይመጣም።»

የወንድሜም የመምህሩም ምክር እዚያው ቀረ። የቀረኝ የክርና የስለቱ ጥያቄ ብቻ ነው።

«ክሩ ድንጋይ ሲያገኝ ይበጠሳል እንጂ ክፉ አያደርስም» አለች ሴትዮዋ። «ስለቱ ድንጋይ ሲያገኝ ይመልሳል፤ ሰው ላይ ይመጣል። ግን ክሩ ሣር እንጂ ቁጥቋጦ አይችልም። ቁጥቋጦ የስለት ነው።»

«ታዲያ ለኛ የቱ ይሻላል?»

«ድንጋይ አላችሁ?»

«አለን።»

«ቁጥቋጦስ?»

«እሱም አለን።»

«እንግዲህ…» ብላ እጇን ዘረጋች።

ሁለታችንም ግድግዳውን አየን። ከዚያ ሴትዮዋ ከመጀመሪያው መጠየቅ የነበረባትን ጠየቀች። «ማነው የሚሠራበት?»

«ሠራተኛ እንቀጥራለን» አልኩ።

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ።

አብረን ነው የመለስነው። ዞሬ አየኋት። ቢቸና በነበርኩበት ጊዜ ሁሉ፣ ከወንድሜ ጋር ስከራከር፣ ቪዲዮ ስመለከት፣ በዓይነ ልቡናዬ የማየው አንድ ትከሻው ሰፊ ጎልማሳ ነበር። ክብደቱን፣ ጉልበቱን፣ ሁሉን የለካሁት ለእሱ ነው። እናቴን አንድ ጊዜ እንኳ ማን ያጭድልሻል ብዬ አልጠየቅኋትም።

«እማዬ፣ ጭራሽ አይሆንም። ዓይንሽ ገና አልጠናም። ወገብሽስ?»

«ለወገቤ ብዬም አይደል?» አለች። «አባትሽ ጎንበስ እንዳለ ኖሮ ጎንበስ እንዳለ ነው የሞተ። ያ ቢቸና ያየሁት ሰውዬ ግን ቆሞ ነው የሚያጭድ። ቀጥ ብሎ ቆሞ! እኔም ቆሜ ነው የማጭድ።»

ሴትዮዋ ቀጥ ያለ ዘንግ ያለውን አውርዳ ሰጠቻት። እናቴ አንሥታ፣ በገበያ ዶሮ እንደምትመዝን ሁሉ ከፍ ዝቅ አድርጋ መለሰችላት። ቀዩን ተቀበለች፤ ማንገቻውን በትከሻዋ አጠለቀች፤ መደብሩ ውስጥ ግራና ቀኝ ወዘወዘችው። አንድ የቀለም ቆርቆሮ ገለበጠች።

«ይኼ ነው» አለች። ቀጥላም ሴትዮዋን፣ «እንዴት ነው የሚቆም?» ብላ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ አንዲት ቁልፍ አሳየቻት።

እንዲህ ሆኖ ወንድሜ እንዳትገዢ ያለኝን ዘይትና ቤንዚን የሚቀላቀልበትን፣ የፊዚክስ መምህሩ ጉልበት የለውም ያለውን ጎባጣውን፣ ክር እንጂ ስለት የማይገጠምለትን ይዘን ወጣን። ባጃጁ ላይ ዘንጉን በጉልበታችን አጋድመን ስንሄድ፣ ተሳስተን እንደሆነና እንዳልሆነ ለማወቅ ሞከርኩ፤ አቃተኝ።

ጠዋት ላይ ልሞክረው እኔ ተነሣሁ፤ እናቴ የምትነካው እኔ አደጋ እንደሌለው ካየሁ በኋላ ነው ብዬ አስምያታለሁ። የላስቲክ ቦት ጫማ አደረግሁ፤ መነጽሬን ሰካሁ። በመደብሩ ሴትዮ ምክር መሠረት ቤንዚኑንና ዘይቱን በውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ቀላቅዬ ሞላሁ። ጎረቤታችን የኔታ ድምፅ ሰምተው በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ከአባቴም ጋር የልብ ወዳጆች ነበሩ።

«ምንድነው ይኼ?»

«ሣር ማጨጃ ነው፣ የኔታ። በክር ነው የሚያጭደው።»

«በክር?» አሉ። «እኔ ክርን አንገት ላይ ታስሮ ነው የማውቀው። ሣር ያጠምቃል በይኛ!» ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው፣ «ልጅሽ ቢቸና የሰው ልጅ ስታርም ከርማ አሁን ደግሞ ያንቺን ጓሮ ልታርም መጣች። ፈተናውን ነው አረሙን የምትችለው፣ እናያለን» አሉ።

እናቴ ሳቀች። እኔ ገመዱን ሳብኩት። ሞተሩ ፉር ብሎ ዝም አለ። ደግሜ ሳብኩ፤ ዝም። ወንድሜ ጋ ደውዬ ስልኩን እናቴ ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ።

«ቾኩን ዘግተሽዋል?»

«የቱ ነው ቾኩ?»

«ያቺ ትንሽ መቀርቀሪያ።»

«ሁለት ነው ያለው።»

«በቃ አንዷን ዝጊና ሳቢ። አልነሣ ካለ ክፈቻት።»

አንዷን ዘጋሁ፤ ሳብኩ። ከፈትኩ፤ ሳብኩ። ሌላዋን ዘጋሁ። ክንዴ ዛለ፤ ግቢው ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ። ወንድሜ «በቤንዚን አፈንሽው!» እያለ ከስልኩ ውስጥ ይጮኻል። የኔታ በትራቸውን ተደግፈው፣ እንደ ተማሪ ቅኔ እርማት ሊሰጡ ጆሯቸውን አዘንብለው ይጠብቃሉ።

«እስቲ ትንፋሽ ይውሰድ፤ አንቺም ውሰጂ» አለች እናቴ። ጠላ አመጣችልኝ፤ ተቀምጬ ጠጣሁ። ከዚያ ገመዱን ስስበው ምን እንደለወጥኩ ሳላውቅ ተነሣ። እስከ ዛሬም አላወቅኩም።

ሰርዶውን እንደ ሕልም አለፍኩት። ክሩ በነካው ቁጥር ሣሩ ተቆርጦ ይበናል፤ ጥሩ ሽታ ይሸታል። እናቴ ከኋላዬ ትከተላለች፤ ፊቷን ዞሬ ሳይ እንደ ልጅ ፈክቷል። ሙጃው ውስጥ ስገባ ክሩ ድንጋይ እየመታ ተበጠሰ፤ የማሽኑን ራስ መሬት ላይ ጠቅ ሳደርገው ሌላ ክር ይለቃል፤ ሴትዮዋ እንዲህ ነበር ያለችኝ። ቀስ እያልኩ ወረድኩ። ከዚያ ሳማው ጋ ደረስኩ። ክር ሳማን ሲመታ ቅጠሉን ፈጭቶ እንደሚረጨው የነገረኝ ሰው አልነበረም። አንገቴ፣ እጄ፣ ጉንጬ እሳት ሆነ። ልመለስ አልኩ፤ ግን የኔታ ከላይ እያዩኝ ነው። ትንሽ ልጨምር ብዬ ዘንጉን ወደ ግራ ወዘወዝኩት።

ክሩ አንድ ነገር መታ። ድንጋይ ሲነካ ጠጭ ይላል፤ ይህኛው ግን ድፍን ባለ ድምፅ እንደ ከበሮ ተመታ። ከአረሙ ሥር ጥቁር ነገር ተነሣ። የሞተሩ ጭስ መስሎኝ ሞተሩን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ተቃጠለ ብዬ ነው የደነገጥኩት። ቅንድቤን ሲነድፈኝም ሳማ ነው ብያለሁ። ጭሱ ጠጉሬ ውስጥ ገብቶ ሲያጉረመርም ነው ንብ መሆኑ የገባኝ።

ልሮጥ አልኩ፤ ማንገቻው ያዘኝ። ዘንጉን ልጥለው አልኩ፤ በትከሻዬ ተንጠልጥሎ ይከተለኛል። ሞተሩ ይጮኻል፤ ንቡ በጩኸቱ ይብስበታል። የኔታ ከላይ «አጥፊው! አጥፊው!» ይላሉ። የት ጋ እንደሚጠፋ አላውቅም። ስንት ጥያቄ የጠየቅሁ ሰው ይህን አልጠየቅሁም። ያገኘሁትን ሁሉ እጫናለሁ፤ ይብሱን ይጮኻል። ያን ጊዜ እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ቁልቁል መጣች። «ዓይንሽ! ዓይንሽ!» ብዬ ጮኽኩ፤ «ተመለሽ» ማለቴ ነበር። ደርሳ ቁልፏን ጫነች። ሞተሩ ዝም አለ። ማንገቻውን ከትከሻዬ ላይ አወለቀች፤ ነጠላዋን ለሁለታችን አድርጋ እየጎተተች ወደ ቤት አወጣችኝ።

በሩን ዘግተን ተቀመጥን። የኔታም አብረውን ገብተዋል፤ ጆሯቸውን ተነድፈው አንዴ ይስቃሉ፣ አንዴ ያማትባሉ። እናቴ በጥፍሯ መንደፊያውን ከፊቴ አንድ በአንድ እየነቀለች ታወጣለች። እሷም ከንፈሯ አብጧል፤ ዓይኗ ግን ደኅና ነው። ግራ ዓይኔ ሊዘጋ ተቃርቧል። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ከቀፎው ነው የወጡ?» አለችኝ።

«ምን ቀፎ?»

«የአባትሽ።»

አባቴ ወንዙ ዳር ካለው ዋንዛ ላይ ቀፎ ይሰቅል ነበር። በሞተ ሰሞን፣ ለቅሶው ገና ሳይነሣ፣ ንቦቹ ጥለው ሄዱ። ሰዎች ንብ ባለቤቱን ይከተላል አሉ። እናቴ ይህን እስከዚያች ቀን ነግራኝ አታውቅም። ኋላም በዝናብ ቅርንጫፉ ተሰብሮ አንዱ ቀፎ እንደወደቀ ሰምታለች፤ አረሙ ስለዘጋው ወርዳ አላየችውም፤ ባዶ ነው ብላ ትታዋለች።

«ተመልሰዋል» አለች አሁን፣ ባበጠ አፏ።

እኔ መምህርነቴ አላስቀምጠኝ አለ። «እማዬ፣ ሌሎች ይሆናሉ እኮ። መንጋ ሲፈልስ ባዶ ቀፎ ካገኘ ይገባል።»

«ይሆናል» አለች። አንድ መንደፊያ ነቅላ እየጣለችም፣ «ግን ከዚህ ሁሉ አገር እኛ ጓሮ ነው የገቡ» አለች።

ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። አባቴ ሲቀበር እንኳ እንዲህ ስታለቅስ አላየኋትም፤ ያን ጊዜ እንግዳ ታስተናግድ ነበር። እኔም ዓይኔ ይፈስሳል። ማልቀሴ ይሁን መርዙ ዓይኔን እያስነባው ይሁን ለራሴም አልለየልኝም። የኔታ ተነሥተው፣ ማንንም ሳያዩ፣ «በሉ እንግዲህ እኔ ጆሮዬን ልታጠብ» ብለው ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ማሽኑን ለማምጣት የኔታ ጢስ ይዘው ከእኔ ጋር ወረዱ። ቀፎው ጎኑን ተሰንጥቋል እንጂ አልተሰበረም። ንቦቹ ተረጋግተው ይገባሉ፣ ይወጣሉ። እግራቸው በመጩ አበባ ቢጫ ሆኗል። እናቴ ከላይ ሆና ወሰነች፤ ከእርከኑ በታች ያለውን እስከ ኅዳር ማንም አይነካውም። ሳማውም፣ ኮሸሽላውም፣ አጋሙም ባለበት ይቀመጣል። የትኛው መሣሪያ ብዬ ራሴን ያዞርኩበት የጓሮው ክፍል እንዲህ ከጥያቄ ወጣ።

ቢቸና ስመለስ የፊቴ እብጠት ገና አልቀነሰም ነበር፤ ተማሪዎቼ ሳቃቸውን በደብተር ሸፈኑ። የፊዚክስ መምህሩ ታሪኩን በሙሉ አዳመጠኝና፣ «ባትሪ ብትወስጂ ኖሮ ድምፁ አያስቆጣቸውም ነበር» አለ። ወንድሜ ደግሞ በስልክ፣ «እንኳን ክር ሆነ! ስለት ቢሆን ቀፎውን ለሁለት ከፍለሽው ነበር» አለኝ፤ ቀጥሎም «የአባባ ናቸው ግን?» አለ። አላውቅም አልኩት። እሱም አላውቅም አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ሞተር አላነሣም።

እናቴን ተይ ብዬ ማስቆም አልቻልኩም። ጠዋት ጠዋት፣ ነጠላዋን በወገቧ አደግድጋ፣ ሰርዶውንና የእርከኑን ዳር ታጭዳለች፤ ትንሽ ሠርታ ታርፋለች፤ እንደገና ትነሣለች። መጀመሪያ ሰሞን የኔታ ይጠብቋት ነበር። ኋላ የእሳቸውንም ደጅ ስታጭድ መጠበቃቸውን ተዉ። በኅዳር ከዚያ ቀፎ ትንሽ ማር ተቆረጠ፤ ለንቦቹም ተረፈላቸው። ድርሻዬ በፕላስቲክ ዕቃ ታሽጎ ቢቸና መጣልኝ። ጣዕሙ የድሮው ነው አይደለም ብዬ ብዙ ቀመስኩ፤ ልለየው አልቻልኩም።

በሚቀጥለው ክረምት ክሩ አለቀባት። እልክልሻለሁ አልኳትና ቢቸና አንድ መደብር ገባሁ። ክር ሲባል አንድ መስሎኝ ነበር። ሰውዬው በጥቅል በጥቅል ደረደረልኝ፤ ቀጭን አለ፣ ወፍራም አለ፣ ድቡልቡል አለ፣ አራት ማዕዘን አለ፣ እንደ ገመድ የተጠመዘዘም አለ።

«የቱን ነው ማሽንሽ የሚወስደው?» አለኝ።

«ቀይ ነው ማሽኑ» አልኩት።

አየኝ። እኔም ክሮቹን አየኋቸው። ድንጋይ አለን፣ ሣርም አለን፣ እናቴ ናት የምትሠራበት አልኩት። ይህን ብነግረው ምን እንደሚረዳው አላውቅም፤ ሌላ የምለው ግን አልነበረኝም። ራሱን አከከና ከድቡልቡሉም ከባለ ማዕዘኑም ትንሽ ትንሽ ቆረጠልኝ። ሁለቱንም በአንድ ፌስታል አድርጌ ለሞጣው ሚኒባስ ሾፌር ሰጠሁት።